ግጥም የሚታረምበት ክፍል፦ በሰፈር ወጣት ማዕከል የግጥም ወርክሾፕ እንዴት ይከፈታል?

አዲስ አበባ ግጥም የሚነበብበት መድረክ አይቸግራትም። ራስ ሆቴል በየወሩ ሲካሄድ የነበረውን ግጥም በጃዝ ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። በየዩኒቨርሲቲውና በየወረዳው የግጥም ምሽት ይዘጋጃል። ግጥም የሚታረምበት ቦታ ግን ተፈልጎም አይገኝ። ልጁ ወረቀቱን ይዞ ይወጣል፣ ያነባል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይወርዳል። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምቱ እንደተሰበረ ማንም አይነግረውም። የሚነገር ነገር ካለም እሱ ከሄደ በኋላ፣ ቡና ላይ ነው የሚነገረው።

ይህን የምጽፈው ሰፈሩ ባለው ወጣት ማዕከል ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ መክፈት ለሚፈልግ ሰው ነው። መምህር ብትሆኑ፣ ተማሪ ብትሆኑ፣ የማዕከሉ ሠራተኛ ብትሆኑ ለውጥ የለውም። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞም ግጥም ማረም ከውጭ የመጣ ፈሊጥ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሁለት ቤት (ሁለት ስንኝ) ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን፣ ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ፊት ለፊት ያርመዋል። እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። እኛም ከዚያ ሁለት ነገር እንውሰድ፤ በትንሽ መጀመርንና በፊት ለፊት መታረምን።

1. ክፍሉን ያዙ

ወደ ማዕከሉ ኃላፊ ስትሄዱ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ምን እንደምትሠሩ፣ ለማን፣ በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለስንት ሳምንት፤ ይኸው ነው። ከማዕከሉ የምትፈልጉት ክፍልና ወንበር ብቻ መሆኑን በግልጽ ጻፉ። ኃላፊው ወረዳውን ማሳወቅ ካለበት ያቺው ወረቀት ትበቃዋለች። ፈቃዱን በቃል ብቻ አትቀበሉ። ማኅተም ያረፈበት ቢሆን ይመረጣል፤ ኃላፊ ይቀየራልና።

ትልቁን አዳራሽ ቢሰጧችሁ እንኳ እንቢ በሉ። አዳራሽ ማይክ ይጠራል፣ ማይክ ደግሞ ሰውን አንባቢ ያደርገዋል። የምትፈልጉት ወንበር በክብ የሚደረደርበት ትንሽ ክፍል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ወይም የስብሰባ ክፍሉ ይሻላል። ከፑልና ከፕሌይስቴሽን ክፍሉ ራቅ ያለ ይሁን። በክረምት የምትጀምሩ ከሆነ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ቆርቆሮው ራቁቱን ከሆነ፣ ኮርኒስ ከሌለው፣ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ አጠገባችሁ ያለውን ሰው እንኳ አትሰሙም። ድምፅ የሚሰማበት ክፍል ማግኘት ከምንም በላይ ነው፤ ሥራው ሁሉ በጆሮ ነውና።

አንድ ቅዳሜ ደግሞ «ዛሬ ስብሰባ አለ» ትባላላችሁ። የማይቀር ነው። ከወዲሁ ሁለተኛ ቦታ አስቡ፤ በረንዳም ሊሆን ይችላል።

2. ጊዜውንና የሰዉን ቁጥር ወስኑ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ክረምቱን ምረጡ። ተማሪው ቤቱ ነው፣ ማዕከሉም ሥራ ይፈልጋል። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ስምንት ቅዳሜ ይወጣል። ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጀንበር ሳትጠልቅ መጨረስ ግድ ነው። አመሻሽ ላይ ካደረጋችሁት ሴት ልጆች ወይ አይመጡም፣ ወይ ግማሹን ትተው ይሄዳሉ። ቤተሰብ አይፈቅድማ።

ሰዉ ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ይሁን። ለምን? አንድ ግጥም በደንብ ለመታየት ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል። በሁለት ሰዓት አራት ግጥም ስታዩ ሰማንያ ደቂቃ ሄደ። የቀረው አርባ ደቂቃ ለጆሮ ማሟሟቂያና ለጽሑፍ ልምምድ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ካለ እያንዳንዱ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። ሃያ ሰው ከተቀበላችሁ ግን ተራው በአምስት ሳምንት ነው የሚመጣው። ያኔ ሰው መሰልቸት ይጀምራል። ሌላው ሰው ለሚቀጥለው ዙር ይመዝገብ።

3. ምዝገባውን ቀላል አድርጉት

የማዕከሉ በር ላይ ወረቀት ለጥፉ፣ በሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልቀቁ፣ አቅራቢያችሁ ላለው ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ንገሩ። የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይሠራል። መምህሩ ደብተሩ ጀርባ ላይ ግጥም የሚጭር ልጅ ማን እንደሆነ ያውቃል።

ተመዝጋቢውን «ምርጥ ግጥምህን አምጣ» አትበሉት። አፋሩ ይቀራል፣ ደፋሩ ብቻ ይመጣል። ሁለት ስንኝ ብቻ ጽፎ ይምጣ፤ ስለ ቤቱ ደጃፍ፣ ስለ ታክሲ ወረፋ፣ ስለፈለገው። የምትመርጡበት ፈተና ሳይሆን ወረቀት ላይ ለማስጀመር ነው።

4. አወያዩ ማን ይሁን?

ታዋቂ ገጣሚ ማግኘት አያስፈልግም። ታዋቂ ሰው ሲመጣ ክፍሉ ሁሉ እሱን ያዳምጣል፣ የልጆቹ ግጥም ይረሳል። ለእንግድነት አንድ ቀን ብትጋብዙት ግን ደስ ይላል። አወያዩ ሦስት ነገር ይኑረው፤ ጥሩ ጆሮ፣ ሰዓት ማክበር፣ የሚንዛዛን ሰው በጨዋ ቋንቋ ማስቆም። የራሱን ግጥም ቢያንስ እስከ አራተኛው ሳምንት አያንብብ። እሱ ካነበበ ሌላው እንደ እሱ መጻፍ ይጀምራል።

5. የመጀመሪያው ቀን ለጆሮ ይሁን

በመጀመሪያው ቅዳሜ የማንም ግጥም አይታረም። ቀለም ቁጠሩ፤ ቀለም ማለት በአንድ ጭብጨባ የሚወጣ የቃል ድምፅ ነው። ብዙ ጀማሪ ፊደል ሲቆጥር ቀለም የቆጠረ ይመስለዋል፤ ጆሮ የሚቆጥረው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ በእጅ እያጨበጨባችሁ ጀምሩ።

ከሚያውቁት ተነሡ። «ሆያ ሆዬ» በሏቸው፤ አራት ጭብጨባ። ቡሄ ራሱ ነሐሴ 13 ስለሚውል በወርክሾፑ መሐል ነው የሚመጣው፣ ልጆቹ ምቱን በደማቸው ይዘውታል። ከዚያ ሰንጎ መገን ወደሚባለው ምት እለፉ፤ በአንድ ሐረግ፣ ማለትም በስንኙ ግማሽ፣ አምስት ቀለም። ከዚያ ወደ ወል ቤት፤ ስድስት በስድስት፣ በስንኝ አሥራ ሁለት። አብዛኛው የአማርኛ ግጥም የሚጻፈው በዚህ ነው። ከዚያ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ስለተጠቀመበት በስሙ «የጸጋዬ ቤት» የተባለውን፣ በሐረግ ስምንት ቀለም ያለውን አሳዩዋቸው። በአንድ ቀን ሁሉንም ካልያዙ አትጨነቁ። ወል ቤትን ብቻ ይዘው ቢሄዱ ቀኑ አልባከነም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ልጅ እንዲህ የሚል ሁለት ስንኝ ይዞ መጣ እንበል፦

ናፍቆትሽ በልቤ / እንደ እሳት ነደደ
ዓይኔ እያለቀሰ / መንገድሽን ወደደ

የመጀመሪያውን ሐረግ አጨብጭቡ፦ ናፍ–ቆ–ትሽ–በ–ል–ቤ። ፊደሉ ስምንት ነው፣ ቀለሙ ስድስት። ሁለተኛው፦ «እንደ እሳት» ሲነበብ «እንደሳት» ይሆናል፣ ስድስት ይሞላል። ሦስተኛውም እንደዚያው ይያያዛል፣ ስድስት ነው። አራተኛው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ይደናቀፋል፦ መን–ገ–ድ–ሽን–ወ–ደ–ደ። ሰባት። ልጁ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሲያነብ እዚያ ላይ ይጣደፍ ነበር። አሁን ምክንያቱን በእጁ አገኘው። «ያን መንገድ ወደደ» ቢል ይስተካከላል።

ቤቱ፣ ማለትም የስንኞቹ መጨረሻ መግጠሙ፣ ግን ጥሩ መትቷል። «ነደደ»ና «ወደደ» በሁለት ፊደል ይገናኛሉ። ይህንንም ንገሩት፤ ጥሩ የሠራውን ለይቶ ማወቅ አለበት። ግጥሙ ገና ያልተነካ ችግር አለው፤ ወደ እሱ በኋላ እንመለሳለን።

6. ግጥሙ የሚታይበት ሥርዓት

የወርክሾፑ ልብ ይህ ነው። ከሁለተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ሳትቀይሩ ያዙት።

ባለግጥሙ ቅጂ አባዝቶ ለሁሉም ያድላል። ፎቶ ኮፒ የሚያስወጣ ከሆነ ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ይጋራ። በስልክ ማየትም ይቻላል፤ ግን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ማስታወሻ መጻፍ የሚሰጠውን ስልክ አይሰጥም። ባለግጥሙ አንድ ጊዜ ያነባል። ቀጥሎ ሌላ ሰው፣ ግጥሙን አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ድጋሚ ያነበዋል። ይህን ሁለተኛ ንባብ አትዝለሉት። ጸሐፊው የራሱን ግጥም ሲያነብ ጎዶሎውን በድምፁ ይሞላዋል። ሌላ ሰው ሲያነብ ግን የሚያደናቅፈው ቦታ ሁሉ ይሰማል።

ከዚህ በኋላ ባለግጥሙ ዝም ይላል። አያስረዳም፣ አይከራከርም። ብዕር ይዞ ይጽፋል። ክፍሉ መጀመሪያ የሚናገረው የሰማውን ነው፤ «ወደድኩት» ወይም «አልወደድኩትም» ገና አልተፈቀደም። «እኔ የሰማሁት ወደ ውጭ የሄደችበትን ሰው የሚጠብቅ ልጅ ነው።» «እኔ የሰማሁት የፍቅር ነው።» እንዲህ ሲባባሉ ባለግጥሙ የጻፈውና የተሰማው መሐል ያለውን ርቀት ያያል። ማንም ሳይተቸው ግማሹን ትምህርት አገኘ።

ከዚያ እያንዳንዱ አንድ የጠነከረ ቦታ ይጠቁማል። ስንኙን ጠርቶ፣ ቃሉን ጠርቶ። «ጥሩ ነው» ብቻ ብሎ ማለፍ የለም። ቀጥሎ አንድ የላላ ቦታ፣ እሱም እንዲሁ በስንኝ ቁጥር። መጨረሻ ላይ ባለግጥሙ ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል። መልስ መስጠት ሳይሆን መጠየቅ ነው የሚፈቀድለት። «አራተኛውን ስንኝ ባወጣው ይጎድላል?» ዓይነት ጥያቄ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የተሠራው ለይሉኝታ ነው። እኛ ሰው ፊት ላይ ክፉ መናገር ያሳፍረናል፤ ያደግንበት ጨዋነት ነው፣ መጥፎ አይደለም። ግን ገጣሚውን ያለ እርማት ያስቀረዋል። ሥርዓቱ የላላ ቦታ መጠቆምን የሁሉም ሰው ተራ ስለሚያደርገው፣ የሚናገረው ሰው እንደ ክፉ አይታይም። ተራው ነው፣ ተናገረ።

በተለይ ዕድሜ ሲቀላቀል ይህ ያድናል። ጡረታ የወጡ አንድ አባት ከአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አጠገብ ይቀመጣሉ። ልጁ «ጋሼ፣ ግጥምዎ ደካማ ነው» ሊል አይችልም፣ ማለትም የለበትም። ግን «ጋሼ፣ አምስተኛው ስንኝ ላይ ‹ዘመን› የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ መጥቷል፣ ሁለተኛው ጆሮዬን ያዘው» ማለት ይችላል። የሚነገረው ስለ ስንኙ ነው። እሳቸውም አይከፋቸውም፣ ልጁም አይሸማቀቅም። አወያዩ ይህን አነጋገር በመጀመሪያው ሳምንት ራሱ እያሳየ ያስለምዳቸው።

ጭብጨባ? በወርክሾፑ ውስጥ አይኑር። ለመጨረሻው ቀን ይቆይ።

7. ጥያቄ ጠይቁ፣ እናንተ አትጻፉለት

ወደዚያ ልጅ ግጥም እንመለስ። ምቱ ተስተካክሏል፣ ቤቱ መትቷል፣ ግን ናፍቆት እንደ እሳት ሲነድ ስንት ጊዜ ሰማን? ለጀማሪ «ይህ የተለመደ ነው፣ ቀይረው» ማለት ጥቅም የለውም፤ ወዴት እንደሚቀይረው አያውቅም። ጠይቁት። ማን ናት የናፈቀችህ? ከሄደች ስንት ጊዜ ሆናት? ቤት ውስጥ ምን ትታ ሄደች?

ከክፍሉ አንዳንዱ የፍቅር ግጥም ነው ብሎ ነበር። ልጁ «እናቴ ናት፣ ቤይሩት ነው የምትሠራው» ሊል ይችላል። በር ላይ የቀረ ነጠላ ጫማ አለ፣ ማንም አላነሣውም። በቃ፣ ይህን ጻፍ በሉት። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንዲህ ይዞ ቢመጣ አይግረማችሁ፦

ነጠላ ጫማዋ / ከደጃፍ ላይ ቀረ
እናቴ ከሄደች / ድፍን ዓመት ዞረ

ምቱ ያው ስድስት በስድስት ነው። «ናፍቆት» የሚለው ቃል ጠፍቷል፣ ናፍቆቱ ግን አለ። እሳትም ዕንባም አላስፈለገውም። አወያዩ አንድም ቃል አላዋጣም፣ ጠየቀ ብቻ። አወያዩ «እንዲህ ብትለውስ» ብሎ የራሱን ስንኝ ከሰጠው፣ ልጁ ስንኙን ይወስዳል፣ ግጥሙ ግን የእሱ መሆኑ ያበቃል።

8. ለየሳምንቱ ልምምድ

ጥቂት የሚሠሩ እነሆ። በቅደም ተከተል መሆን የለባቸውም።

*ቃል መጦም።* ለአንድ ሳምንት «ልብ»፣ «እሳት»፣ «ዕንባ»፣ «ጨረቃ» የሚሉት ቃላት አይነኩም። ሰሌዳ ላይ ጻፏቸው። መጀመሪያ ሁሉም ያጉረመርማል። በሳምንቱ ግን ስለ ጀሪካን፣ ስለ ኮንዶሚኒየም ደረጃ፣ ስለ ጎረቤት ሬዲዮ የተጻፈ ግጥም ታያላችሁ።

*ግስ የሌለበት መጨረሻ።* አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ቤት መምታት በጣም ይቀላል። «ሄደች፣ መጣች፣ ረሳች፣ አለቀሰች» ብሎ አንድ ገጽ መሙላት ይቻላል። የሚገጥመው ሰዋስው ነው፣ ገጣሚው አይደለም። «ሽ» ላይ የሚያልቁ የፍቅር ግጥሞችም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ አራት ስንኝ፣ ሁሉም በስም የሚያልቁ፣ አስጽፉ። ይከብዳል። ጀማሪው ቤት መምታት ሥራ መሆኑን የሚያየው እዚህ ላይ ነው። ግስ መጠቀም ከተፈለገ ደግሞ እንደ «ቀረ»ና «ዞረ» የግሱ የራሱ ሥር ፊደል ይግጠም፣ የተቀጠለው አይግጠም።

*ሰምና ወርቅ።* ይህን ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አትሞክሩት። ልጆች «ቅኔ» ሲባሉ ይፈራሉ፣ ወይም ማንም የማይገባውን ይጽፋሉ። ከህብረ ቃል፣ ሁለት ፍቺ ካለው ቃል፣ አስጀምሯቸው። «ተማረ» አንድም ትምህርት ተማረ፣ አንድም ምሕረት አገኘ ነው። ከዚያ፦

ስንት ዓመት ደጅ ጠንቶ / ልጃችን ተማረ
ከእንግዲህ ከቤት ነው / ደጅ ማደሩ ቀረ

ሰሙ ሩቅ ሄዶ የተማረ ልጅ ነው። ወርቁ የታሰረና የተፈታ ልጅ። ሁለቱም ፍቺ እስከ መጨረሻው ሐረግ ድረስ መቆም አለባቸው። አንዱ መሐል ላይ ከወደቀ ሰምና ወርቅ አልሆነም። ክፍሉ ይህን ይፈትሽ፣ በጣም ደስ የሚል ጨዋታ ይሆናል።

*ቤት የማይመታ ግጥም።* አንዳንዱ ልጅ ቤት መምታት አይፈልግም፣ መብቱ ነው። ግን ምቱንና ቤቱን ሲተው በምን እንደተካው ጠይቁት። በድግግሞሽ? በእስትንፋስ? በምስል? መልስ ካለው ይቀጥል።

9. በሌላ ቋንቋ የሚጽፍ ሲመጣ

አዲስ አበባ ነውና ይመጣል። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራግኛ፣ በሌላም የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ በራሱ ቋንቋ ያንብብ። ክፍሉ ትርጉሙን ሳያውቅ ምቱን ያዳምጥ፣ የሚደጋገመውን ድምፅ ይለይ። ከዚያ በአማርኛ ሐሳቡን ያስረዳ። ጌራርሳን፣ የኦሮሞን የጀግንነት ዜማ፣ በአባቱ አፍ እየሰማ ያደገ ልጅ ስለ ድምፅ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ለሌሎቹም ያስተምራል። ተርጉሞ ብቻ እንዲያመጣ አታስገድዱት።

10. የመጨረሻው ቀን

ስምንተኛው ቅዳሜ ላይ አዳራሹን አሁን ጠይቁ። ቤተሰብ ይጠራ፣ ሻይና ቆሎ ይዘጋጅ፣ ጭብጨባም ይፈቀድ። እያንዳንዱ አንድ ግጥም ብቻ ያንብብ፣ የታረመውን። ከተቻለ የመጀመሪያውን ረቂቅና የመጨረሻውን ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ለጥፉ። እናቶችና አባቶች ከንባቡ ይልቅ እሱ ፊት ቆመው ሲያነቡ ታያላችሁ።

ትንሽ መድበል ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ በፎቶ ኮፒ ወረቀት አጥፋችሁ፣ በስቴፕለር መትታችሁ ማውጣት ይቻላል። ግን ከእያንዳንዱ ልጅ ፈቃድ ውሰዱ፣ በጽሑፍ። ለአካለ መጠን ካልደረሰ ወላጁ ይፈርም። ግጥም ወረቀት ላይ ከሰፈረ ጀምሮ የጸሐፊው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚለውም ይህንኑ ነው። ማዕከሉ ክፍል ስለሰጠ የግጥሙ ባለቤት አይሆንም። ማዕከሉ ለበዓል መድረክ ግጥሙን ሲፈልግ ልጁን ይጠይቅ። ግጥሙን ለዝግጅቱ እንዲመች ለውጥ ከተባለ፣ እንቢ የማለት መብት እንዳለው ከወዲሁ ይወቅ።

ሰዉ ከመበተኑ በፊት አንድ ሥራ ይቀራል። ከተሳታፊዎቹ ውስጥ ሌላውን በደንብ ሲያዳምጥ የነበረውን ሰው ፈልጉ። ጎበዝ ገጣሚ መሆን የለበትም። ከአዲስ ዓመት በኋላ ያለውን ዙር አብሯችሁ እንዲያወያይ እዚያው ጠይቁት፤ ኃላፊውም አዳራሹ ውስጥ እያለ የጥቅምትን ቅዳሜዎች አስመዝግቡ።